ቁልፉ በገበዙ፣ ማኅተሙ በመሥሪያ ቤቱ

የገና ሌሊት ላሊበላ ያደረ ሰው የሚያውቀው ነው። ሊነጋጋ ሲል ካህናቱ በሁለት ይከፈላሉ። ግማሾቹ ቤተ ማርያምን ከከበበው የአለት ጠርዝ፣ ማሜ ጋራ ከሚሉት ላይ ነጭ ለብሰው ይደረደራሉ፤ ግማሾቹ ከታች ከግቢው ይቆማሉ። ላይ ያሉት የመላእክት፣ ታች ያሉት የእረኞች ምሳሌ ናቸው። ከበሮው ሲመታ፣ «ቤዛ ኩሉ» ሲባል፣ ከሰቆጣና ከዋድላ በእግሩ የመጣው ምእመን የጉዞውን ድካም ይረሳዋል። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ግን ከመላእክቱ በላይ ሌላ ነገር ተጨመረ፤ በግዙፍ የብረት ምሰሶ የተያዘ ጣሪያ።

ይህን ጣሪያ ማን አመጣው ብላችሁ ብትጠይቁ ሁሉም ቶሎ ብሎ «መሥሪያ ቤቱ» ይላችኋል። የትኛው መሥሪያ ቤት? እዚህ ላይ መልሱ ይለያያል። አንዱ ቱሪዝም ነው ይላል፣ ሌላው ቅርስ፣ ሌላው ባህል፤ «ኧረ ዩኔስኮ ነው» የሚልም አይጠፋም። በራሱ ደብር ላይ የተሠራውን ነገር ማን እንደሠራው አጥርቶ የማያውቅ ሕዝብ ሞኝ ስለሆነ አይደለም። የመሥሪያ ቤቱ ታሪክ ራሱ እንዲህ የተወሳሰበ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ መንግሥት ላሊበላን ለእንግዳ ማሳየትን ቀድሞ ተማረ፤ መጠበቁን ዘግይቶ፣ ያውም ለሌላ መሥሪያ ቤት ሰጥቶ ጀመረ፤ በሁለቱ መካከል ደግሞ ስምንት መቶ ዓመት ቁልፉን የያዙትን ሰዎች መጠየቅ ረሳ። ይህን በሥርዓቱ ለማሳየት ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ግድ ነው።

ከፖርቱጋል መልክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በሀገራችን ሲቆይ እነዚህን አብያተ ክርስቲያናት አይቷል። መጽሐፉ በ1540 ሊዝበን ላይ ሲታተም፣ ያየሁትን ሁሉ ብጽፍ የሚያምነኝ የለም ብሎ መፍራቱን አልደበቀም። እኔን የሚገርመኝ ግን የእሱ መገረም ሳይሆን ጊዜው ነው። እሱ ሲደርስ ሕንጻዎቹ ሦስት መቶ ዓመት ሆኗቸዋል። ሦስት መቶ የላስታ ክረምት አልፎባቸዋል ማለት ነው። ቱሪዝም ኮሚሽን የለ፣ የቅርስ ባለሥልጣን የለ፣ እንዴት ቆሙ?

መልሱ ውሃው የሚሄድበት መንገድ ላይ ነው። ላሊበላን የጎበኘ ሰው ብዙ ጊዜ ቀና ብሎ መስኮቱንና መስቀሉን ያያል እንጂ ወደ እግሩ አያይም። ወደ እግሩ ቢያይ የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ወለል ዘንበል ያለ መሆኑን፣ ዘንበል ያለውም ወደ ቦይ መሆኑን፣ ቦዩም ከሌላ ቦይ እየተገናኘ ወጥቶ ሁለቱን ምድብ ወደሚለየው ወደ ዮርዳኖስ የሚወርድ መሆኑን ያስተውላል። ጠራቢዎቹ ከላይ ወደ ታች እየወረዱ አለቱን ሲፈለፍሉ ጉድጓድ ውስጥ ቤት እየሠሩ እንደሆነ አልረሱም። ጉድጓድ ውስጥ ያለ ቤት ደግሞ የመጀመሪያ ጠላቱ ጎርፍ ነው። አለቱ ከእሳተ ገሞራ የወጣ፣ አረፋ የመሰለ ቀዳዳ የሞላበት ድንጋይ ነው፤ ለመጥረቢያ ይመቻል፣ ውሃ ግን ይጠጣል። ስለዚህ የውሃው መውጫ ካልተጠበቀ ጥርቡ ሁሉ ከንቱ ነው።

አንድ ሽማግሌ ቄስ እንዳጫወቱኝ፣ እሳቸው ዲያቆን በነበሩበት ዘመን ክረምት ሳይገባ ቦዩን መጥረግ እንደ ቅዳሴ የማይታለፍ ሥራ ነበር። «አፈሩን በእንቅብ እናወጣ ነበር፤ ያላወጣ ጠበል አይቀምስም» አሉኝ እየሳቁ። ይህ ሥራ በደመወዝ አይሠራም ነበር። ደብሩ የሰሞን መሬት ነበረውና ካህኑም ደብተራውም ከዚያ ይበላል፤ እየበላም ያገለግላል። ሥርዓቱ ፍትሐዊ ነበር ማለቴ አይደለም። ያን መሬት የሚያርሰው ገበሬ የሚለው ነገር ነበረው፤ የሚጽፍለት ግን አልነበረም። ሆኖም የጥገናው ወጪ ከየት እንደሚመጣ ይታወቅ ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ መሥሪያ ቤቱ እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ1961 የኢትዮጵያ ቱሪስት ድርጅት ተቋቋመ፤ መሪውም ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ነበሩ። በ2009 ዓ.ም. እስከሚያርፉ ድረስ የኢትዮጵያ ቱሪዝም አባት ሲባሉ ኖረዋል፤ ስሙም ይገባቸዋል። ምን ይዘው ተነሡ ቢባል፣ ጥቂት ሰው፣ ፎቶግራፍና አንድ ሐሳብ ነው ማለት ይቻላል። ሐሳቡ «የ13 ወር ፀሐይ» የሚለው ነው። የዘመን አቆጣጠራችንን ጳጉሜን ወደ ማስታወቂያ መለወጥ ቀላል ብልሃት አይደለም። ፈረንጁ አሥራ ሦስተኛ ወር ሲሰማ ይደነቃል፤ ሲደነቅ ይጠይቃል፤ ሲጠይቅ ቲኬት ይቆርጣል። በየፖስተሩ ላይ የወጡት ፊቶችና መስቀሎች በአውሮፓና በአሜሪካ ግድግዳ ላይ ተለጠፉ። ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ላሊበላና አክሱም በአንድ መስመር ተሰፍተው «ታሪካዊው ጉዞ» ተባሉ።

ላስታ ግን ያኔ መንገድ አልነበረውም ማለት ይቀላል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ዲሲ 3 አውሮፕላን ሜዳ ላይ ያርፋል፤ ክረምት ሲገባ ሜዳው ጭቃ ስለሚሆን በረራው ይቆማል፤ ከሜዳው እስከ ከተማው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። የከተማው ነባር ሆቴል ሰባት ወይራ ከዚያ ዘመን የቀረ ነው። ታዲያ እንግዳው ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአጭር ጊዜ ቤተ ጊዮርጊስ ጫፍ ላይ ሲቆም፣ የላስታ ሴት ወፍጮ ቤት ለመድረስ የምትጓዘው ከዚያ ይረዝም ነበር። ይህን ስል ሀብተ ሥላሴን ለመክሰስ አይደለም። እሳቸው የተሰጣቸው ሥራ እንግዳ መጥራት ነበር፤ ጠሩ።

ፖስተሩ የሚጠራትን ፀሐይ ግን በወሎ ሌላ ሰው በሌላ ዓይን ያያት ነበር። በ1965 ዓ.ም. ድርቁ ከራያ እስከ ላስታ ሲነድ፣ ገበሬው ከብቱን ጨርሶ ወደ አውራ ጎዳና ሲፈስ፣ ጉዳዩን ወደ አዲስ አበባ ካመጡት አንዱ ወገን የዚያን ጊዜው ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ነበሩ። መምህራኑ ወሎ ሄደው ያነሡት ፎቶግራፍ በሚያዝያ 1965 በግቢው ታየ። በጥቅምት 1966 የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ሲተላለፍ ዓለም ሰማ። በአንድ ዘመን፣ ከአንድ ክፍለ ሀገር፣ ሁለት ዓይነት ፎቶግራፍ ወጣ፤ አንዱ በመንግሥት ወጪ ታትሞ ለውጭ አገር የተላከ፣ ሌላው በተማሪ ግቢ በጭንቅ የተሰቀለ። ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እኛ የምንማርበት ግቢ የሁለተኛው ወራሽ ነው፤ ስለዚህ ስለ ቱሪዝም ስንጽፍ የመጀመሪያውን ብቻ ማየት አይሆንልንም።

መጠበቁስ? እሱ ሌላ መንገድ ይዞ ነበር የሚሄደው። ከፈረንሳዮች ጋር በ1940ዎቹ የተጀመረው የአርኪዎሎጂ ሥራ ዓይኑ በአብዛኛው አክሱም ላይ ነበር። ለላሊበላ በዚያው ዘመን የደረሰው ጥገና ደግሞ ባይደርስ ይሻል ነበር። ውሃ እንዳይገባ ተብሎ አንዳንዶቹ ሕንጻዎች ሬንጅ ተቀቡ፤ ሬንጁ እንዳያስጠላ ደግሞ ቀይ ቀለም ተደረበበት። አለት እንደ ሰው ቆዳ ነው፤ የጠጣውን ውሃ መልሶ ካላወጣ ውስጡ ይበሰብሳል። የዚህ ጥፋት ማስተካከያ የመጣው እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ ነው። ጄምስ ግሬይ የሚባል ጡረታ የወጣ አሜሪካዊ ኮሎኔል በ1965 ዓለም አቀፍ የሐውልቶች ፈንድ የሚል ማኅበር አቋቁሞ ነበር። የዛሬው የዓለም ሐውልቶች ፈንድ ማለት ነው። ሰውየው መጀመሪያ ያሰበው የጣሊያኑን የፒዛ ዘማማ ግንብ ሥሩን አፈር በማቀዝቀዝ ለማቆም ነበር ይባላል፤ ያ ሳይሆን ሲቀር ወደ ላስታ ዞረ። ሥራውን የመራው የቤርጋሞው አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒ ነው። አንጀሊኒ ምን አደረገ? ሬንጁንና ቀለሙን አስፋቀ፤ ከዚያም በደለል የተደፈኑትን የጥንት ቦዮች አስቆፈረ። በሌላ አነጋገር ሽማግሌው ቄስ በእንቅብ ያወጡት የነበረውን አፈር እሱ በፈንድ አስወጣው። ለዚህ ነው ከመጡት ጠጋኞች ሁሉ ለእሱ ባርኔጣዬን የማነሳው።

በዚያው ሰሞን መንግሥት የጥንታዊ ቅርሶችን አዋጅ ቁጥር 229/1958ን አወጣ። እንግዲህ ሁለት እጅ ሆነ ማለት ነው፤ አንዱ እጅ ይጠራል፣ ሌላው ይጠብቃል፣ ሁለቱም የየራሱ አለቃ አለው። ይህ ክፍፍል ስሙን እየለወጠ እስከ ዛሬ ዘልቋል።

አብዮቱ መጣ። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ፤ የቤተ ክርስቲያንም የሰሞን መሬት አብሮ ሄደ። «መሬት ላራሹ» ብለው ከዚህ ግቢ የወጡት ልክ ነበሩ፤ እኔም ያኔ ብኖር እወጣ ነበር። ግን ቅድም ልብ በሉልኝ ያልኩት ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። ቦዩን የሚጠርገው ካህን ከዚያ ቀን ጀምሮ ከምን ይብላ? ከራሱ እርሻ፣ ከምእመናን ሙዳየ ምጽዋትና ከእንግዳው ኪስ። ስለዚህ የላሊበላ ደብር በቱሪስት ላይ መንጠልጠል የጀመረው ከስግብግብነት የተነሣ ነው የሚሉ ሰዎች ይህን ቀን ይዘነጋሉ። መሬቱን የወሰደው መንግሥት የመሬቱን ግዴታ አብሮ አልወሰደም፤ ቦይ መጥረጊያ በጀት የያዘ አንድም አንቀጽ በአዋጁ ውስጥ አልነበረም።

ደርግ ትላልቆቹን ሆቴሎች ወረሰ፣ ቱሪዝምን በኮሚሽን ደረጃ አቋቋመ፣ አስጎብኚነቱን በመንግሥት እጅ አደረገ። የውጭ ሰው ከከተማ ለመውጣት የይለፍ ወረቀት ያስፈልገው ነበር። ፖስተሩ ና ይላል፣ ኬላው ቁም ይላል። ቅርስ የሚያጠና ማዕከልም ለብቻው ተቋቋመ፤ በዚህ ዘመን ባለሙያዎቹ ሠርተዋል፣ መዝግበዋል፣ ይህ ሊካድ አይገባም።

ትልቁ ነገር የሆነው ግን ማንም ባልጠበቀው ሰዓት ነው። ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ብሎ የመጀመሪያዎቹን 12 ሥፍራዎች ሲመዘግብ ሁለቱ የእኛ ነበሩ፤ ስሜን ተራሮችና የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት። ስብሰባው የተደረገው ዋሽንግተን ላይ፣ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1978 መጀመሪያ፣ ማለትም የእኛ 1970 ዓ.ም. ሊያልቅ ቀናት ሲቀሩት ነው። ያ ዓመት በእኛ ከተሞች ምን ዓመት እንደነበር ቤተሰብ ያለው ሁሉ ያውቃል። የቀይ ሽብር ደም በአስፋልት ላይ ሳይደርቅ የላስታ አለት የሰው ልጅ ሁሉ ቅርስ ተባለ። ዋሽንግተን ላይ ስሟ ሲነሣ ላሊበላ ዜናውን በምን ሰምታ ይሆን?

ከዚያ በኋላ ጦርነቱም ረሀቡም ላስታን አልማረውም። 1977 ደግሞ መጣ። ስለዚያ ዘመን ቱሪዝም ብዙ መጻፍ አይቻልም፤ የሚጻፍ ብዙ አልነበረምና።

ደርግ ወድቆ መንገዱ ሲከፈት እንግዳውም ሌባውም እኩል ገባ። በ1989 ዓ.ም. የቤተ መድኃኔ ዓለም ትልቁ መስቀል፣ አፍሮ አይገባ፣ ጠፋ። ሰባት ኪሎ ግድም የሚመዝን፣ በሽተኛ የሚባረክበት መስቀል ነው። መስቀሉ ከሰው ሰው ተሸጦ ቤልጂግ ሀገር አንድ ሰብሳቢ እጅ ገባ፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ወደ ቦታው ተመለሰ። የተመለሰ ጊዜ እልልታው ልክ አልነበረውም። ስርቆቱ ግን አንድ ያልተነገረ ነገር አወጣ። መስቀሉን የሚጠብቀው ማን ነበር? ቄሰ ገበዙ በእጁ ቁልፍ አለ። በላዩ አዋጅ አለ፤ አዋጁ ያለው አዲስ አበባ ነው። በቁልፉና በአዋጁ መካከል መዝገብ የለ፣ ዘበኛ የለ፣ ደመወዝ የለ። ከዚያ በኋላ ካህናቱ ዕቃ ለማሳየት የሚጠራጠሩት፣ ባለሙያ ለመመዝገብ ሲመጣ «ነገ ና» የሚሉት ለምን እንደሆነ ይገባኛል። የመዝጋቢውም ብስጭት ይገባኛል።

በ1992 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 209/1992 ወጣና የቅርስ ጥናትና ጥበቃ ባለሥልጣን ተቋቋመ። ይህን አዋጅ አንብቡት፤ ረጅም አይደለም። ቅርስ በመንግሥትም በሌላ ሰውም ባለቤትነት ሊያዝ ይችላል ይላል። ባለቤቱ ቅርሱን በራሱ ወጪ ይጠብቃል ይላል። ጥገና ለማድረግ ደግሞ አስቀድሞ የባለሥልጣኑ ፈቃድ ያስፈልጋል ይላል። ሦስቱም ለየብቻቸው ሲታዩ ትክክል ናቸው። ሬንጅ የቀባውን ሰው ያየ ማንም ሰው ፈቃድ አያስፈልግም ሊል አይችልም። ሦስቱን በአንድ ላይ ቤተ ገብርኤል ጣሪያ ላይ ብታስቀምጧቸው ግን እንዲህ ይሆናሉ፤ ስንጥቁ የደብሩ ነው፣ ወጪውም የደብሩ ነው፣ ማኅተሙ አዲስ አበባ ነው። ደብዳቤው በወረዳ፣ በዞንና በክልል አልፎ እስኪመለስ ሐምሌ ይገባል።

ጣሪያው የመጣው ከዚህ መፋዘዝ ውስጥ ነው። ቀደም ብሎም በእንጨትና በቆርቆሮ የቆሙ ከለላዎች ነበሩ፤ ያስጠሉ ነበር፣ ያፈስሱም ነበር። የአውሮፓ ኅብረት ዘጠኝ ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ሰጠ፤ ንድፉን የጣሊያን አርክቴክቶች አወጡ፤ በ2000 ዓ.ም. አራት ጣሪያዎች አምስት አብያተ ክርስቲያናትን ሸፈኑ። ቤተ መድኃኔ ዓለም አንድ፣ ቤተ ማርያምና ቤተ መስቀል በጋራ አንድ፣ ቤተ አማኑኤል አንድ፣ ቤተ አባ ሊባኖስ አንድ። ሐሳቡ ጊዜያዊ ነበር፤ ዝናቡ ይከልከል፣ በዚያው መካከል አለቱ ይጠገን፣ ከዚያ ጣሪያው ይነሣ ነበር የተባለው። ክፋት አልነበረበትም። ዝናቡም በእርግጥ ቀረ።

ሁለት ነገር ግን ተከተለ። አንደኛው፣ ስምንት መቶ ዓመት በየዓመቱ ሲርስና ሲደርቅ የኖረ አለት ድንገት ዓመቱን ሙሉ ሲደርቅ ሌላ ዓይነት መሰነጣጠቅ እንደሚመጣበት ባለሙያዎች ሥጋታቸውን መግለጽ ጀመሩ። ሁለተኛው፣ ምሰሶዎቹ የተተከሉበት መሬት ውስጡ ክፍት ነው፤ ላሊበላ ዋሻ በዋሻ ነው። ነፋስ በነፈሰ ቁጥር የከተማው ሰው ቀና እያለ «ይህ ነገር የወደቀ ዕለት በማን ላይ ነው የሚወድቀው?» ይላል። ጊዜያዊ የተባለው ደግሞ አሥር ዓመት ሞላው፤ ጥገናው ከጣሪያው ፍጥነት ጋር አልሄደም። ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤልን የመሳሰሉት በዓለም ሐውልቶች ፈንድና በአሜሪካ መንግሥት ዕርዳታ ተጠግነዋል፤ ጥሩም ሥራ ነው። በጣሪያ ሥር ያሉት ግን ተራቸውን ሲጠብቁ ከረሙ። ቤተ ጊዮርጊስ ጣሪያ አልደረሰውም። ብቻውን በተዳፋት ላይ ተቆፍሮ ዝናብ ይመታዋል፤ ውሃው በቦዩ ይወጣል።

ከድንጋዩ ቀጥሎ የሰው ነገር አለ። በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ በቀይ ድንጋይ የተሠሩ ክብ ባለ ፎቅ ጎጆዎች ነበሩ፤ የላስታ ጎጆ የሚባሉት፤ እንግዳ ፎቶ ሳያነሣቸው አያልፍም። ዩኔስኮም ላሊበላን ሲገልጽ ይጠቅሳቸዋል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት፣ በዓለም ባንክ ገንዘብ በሚደገፈው የቱሪዝም ልማት ጊዜ፣ በዋናው ክልል ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች ካሣ እየተሰጣቸው ኩራክር ወደሚባለው ሰፈር ተዛወሩ። ምክንያቱ ነበረ፤ ሽንት ቤቱና ፍሳሹ አለቱን ይጎዳ ነበር። ግን አስቡት። ከጎጆው የወጣው ሰው ቤተ ክርስቲያኑን የሚሳለመው ከደጃፉ ነበር፤ ሌሊት ዕቃ የሚሸሽግ ሌባ ቢመጣ ውሻው የሚጮኸው የእሱ ነበር። ጠላ የምትሸጠው ሴት ደንበኛዋ ነጋሹ ነበር። ኩራክር ላይ ማን ይገዛታል? ጎጆው እንደ ቅርስ ተቆጥሮ ቀረ፤ ጎጆውን የሠራው ሰው ግን ከመዝገቡ ወጣ። ማሳየትና መጠበቅ በአንድ ላይ ሲስማሙ ያየሁት እዚህ ላይ ነው፤ የተስማሙትም ነዋሪውን በማስወጣት ላይ ሆነ።

በዚህ መካከል መሥሪያ ቤቱ ስሙን ሲቀያይር ነበር። ቱሪዝም ኮሚሽን የነበረው በ1998 ከባህል ጋር ተዳብሎ የባህልና ቱሪዝም ሚኒስቴር ሆነ። በ2005 የኢትዮጵያ ቱሪዝም ድርጅት ለብቻው ተቋቋመ። በ2008 የሀብተ ሥላሴ «13 ወር ፀሐይ» ተነሥቶ «ምድረ ቀደምት» መጣ። በ2014 ባህል ወደ ስፖርት ሄደ፣ ቱሪዝም ብቻውን ሚኒስቴር ሆነ፤ ቅርሱም የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ተብሎ ወደ ቱሪዝም ዞረ። እኔ ይህን ሁሉ በወረቀት ላይ አስተካክዬ ለመጻፍ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። የላስታው ቄሰ ገበዝ ማመልከቻ ሲጽፍ «ለ» ከሚለው በኋላ ምን እንደሚጽፍ እንዴት ይወቅ? ቲኬት የሚቆርጠው ግን በዚህ ሁሉ ጊዜ ያው የደብሩ ጽሕፈት ቤት ነበር፤ በ2005 ከውጭ አገር ሰው 50 ዶላር መቀበል ሲጀመር ገንዘቡ የት ይገባል የሚለው ሐሜት በከተማው በየመንደሩ ይናፈስ ነበር። የሰሞን መሬት በቲኬት ተተካ፤ ሂሳቡ ለሕዝብ የሚነበብበት ዐውደ ምሕረት ግን አልተበጀም። ደብሩንም ከዚህ ወቀሳ ነፃ አላወጣውም።

በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ የላሊበላ ሕዝብ ወጣ። ሰልፍ ነበር፤ ካህናት፣ አስጎብኚዎች፣ ተማሪዎች፣ ቅዱሳት ሥዕላት ይዘው። ጥያቄያቸው አጭር ነበር፤ ቤተ ክርስቲያናችን ሳይፈርስ ድረሱልን፣ ጣሪያውን አንሡልን። ልብ በሉ፣ ከ1954 ግድም ጀምሮ በላሊበላ ላይ ብዙ ተጽፏል፣ ተጠንቷል፣ ተሰብስቧል፤ ሕዝቡ ራሱ ስለ ቅርሱ በአደባባይ የጮኸው ግን ያን ጊዜ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። መጋቢት 3 ቀን የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ማክሮን ላሊበላ ድረስ መጥተው እንረዳለን አሉ፤ የፈረንሳይና የኢትዮጵያ ባለሙያዎች ጥናት ጀመሩ።

ጥናቱ ሳያልቅ በሽታው መጣ፣ አውሮፕላኑ ቆመ። በሽታው ሳይረግብ ጦርነቱ መጣ። ሐምሌ 29 ቀን 2013 የሕወሓት ኃይሎች ከተማዋን ያዙ፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስ ከእጅ ወደ እጅ ተዛወረች። ሕንጻዎቹ ከከባድ ጉዳት ተረፉ። ሰዉ ግን ያለ መብራት፣ ያለ ስልክ፣ ያለ ባንክ ከረመ፤ እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ የሚናገረው አስጎብኚ ሽንብራ ፍለጋ ገጠር ወጣ። እንደገና በ2016 ጥቅምት መጨረሻ በመንግሥት ሠራዊትና በፋኖ መካከል በከተማዋ ውጊያ ሆነ። በዚህ ጊዜ ሁሉ የአዲስ አበባው መሥሪያ ቤት፣ ስሙ ማንም ይሁን ማን፣ ከሩቅ መግለጫ ከመስጠት በቀር ሊያደርግ የቻለው ጥቂት ነበር። በሩን ማታ እየዘጉ ጠዋት የከፈቱት ካህናቱ ናቸው።

እኚያን ሽማግሌ ቄስ ከዚህ ሁሉ በኋላ አገኘኋቸው። ከቤተ ማርያም ደጅ፣ ከብረት ምሰሶው ጥላ ተቀምጠው ዳዊት ይደግማሉ። እስኪጨርሱ ጠበቅኩና መስቀል ተሳልሜ ጠየቅኳቸው።

«አባ፣ ጣሪያው ይነሣ ይላሉ ወይስ ይቆይ?»

ቀና ብለው አዩት። ዘለግ ያለ ጊዜ ዝም አሉ።

«እሱን የተማራችሁት ታውቃላችሁ፣ ልጄ። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ሲያቆሙት ጠዋት መጥተን ነው ያየነው። ሊያነሡት የመጡ ዕለት አስቀድመው ይነግሩን ይሆን?»